ዴንማርክኛዬን ይዤ አይስላንድ ስገባ

ከዴንማርኳ ከተማ ከኦርሁስ ወደ አይስላንድ ዋና ከተማ ወደ ሬይክያቪክ ለመዛወር ጓዛችንን ስንሸክፍ፣ የሚያውቀን ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይለኝ ነበር። «አንቺ ምን ቸገረሽ! ዴንማርክኛ አለሽ። አይስላንዶች ሁሉም በትምህርት ቤት ይማሩታል።» እኔም አመንኩ። ዴንማርክ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ ቋንቋውን የያዝኩት በስንት ልፋት ነው። ያ ልፋት ሁለተኛ አገር ላይም እንጀራ ሊሆነኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

የነገሩኝ ውሸት አልነበረም። ግን ግማሹ ነው። የቀረውን ግማሽ ሥራ ቦታ፣ ልጄ ደብተር ላይ፣ ከአረጋውያን ጋር ቡና ስጠጣ ቀስ በቀስ አገኘሁት። ከዴንማርክ፣ ከስዊድንና ከኖርዌይ ወደዚህ ለመምጣት የሚያስቡ ሐበሾች እየደወሉ ይጠይቁኛል። «በዳንስኩ እንግባባለን ወይ?» ነው ጥያቄያቸው፤ በዴንማርክኛው ማለታቸው ነው። በአንድ ቃል የሚመለስ ስላልሆነ እንዲህ በጽሑፍ ላስቀምጠው አልኩ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ተራዬ ሲደርስ በዴንማርክኛ ጀመርኩ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ፊቷ ቀላ። «በእንግሊዝኛ ብናወራስ?» አለችኝ። እኔ ግን መብቴን አንብቤ ነው የሄድኩት። የኖርዲክ አገሮች፣ ማለትም ዴንማርክ፣ ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ፊንላንድና አይስላንድ፣ በ1981 የፈረሙት፣ በ1987 ሥራ ላይ የዋለ የቋንቋ ስምምነት አለ። የአንዱ ኖርዲክ አገር ዜጋ በሌላው አገር መሥሪያ ቤት፣ ሐኪም ቤትም ሆነ ፍርድ ቤት በራሱ ቋንቋ መገልገል እንዲችል መንግሥታቱ የተቻላቸውን እንዲያደርጉ ይላል። ዴንማርክኛም አለበት። የዴንማርክ ዜግነት ስላለኝ ይመለከተኛል። እናም በዴንማርክኛ ደገምኩላት።

ልጅቷ ተነሥታ ከውስጥ አንዲት ስልሳ የሚጠጋቸው ሴት ይዛ መጣች። እሳቸው ቀስ እያሉ፣ እያንዳንዱን ፊደል አጥርተው እየጠሩ መለሱልኝ። ጉዳዬ አለቀ። የልጅቷ ፊት ግን ከዓይኔ አልጠፋም። አፍራለች። እኔ ጉዳዬን ላስፈጽም የተናገርኩት ነገር እሷን ትምህርት ቤት፣ ፈተና ክፍል መልሶ አስቀምጧታል። ይህ የገባኝ ብዙ ቆይቼ ነው። ስለዚህ ከአርባ ዓመት በታች ከሆነ ሰው ጋር ወሬውን በዴንማርክኛ አትጀምሩ። በአይስላንድኛ «ጎውዳን ዳዪን» ብላችሁ ሰላም በሉ። ከዚያ በየትኛው ቋንቋ እንደሚቀለው ራሱን ጠይቁት።

ስለ ወረቀት ጉዳይ እግረ መንገዴን ልናገር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የኖርዲክ አገር ዜጋ ከሆናችሁ ያለ ምንም ፈቃድ መጥታችሁ መኖርና መሥራት ትችላላችሁ። ተመዝግባችሁ «ኬኒታላ» የሚባለውን መለያ ቁጥር ማውጣት ብቻ ነው። ዴንማርክ ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያላችሁ ግን ያ ፈቃድ አይስላንድ አያሠራችሁም። ይህን ሳታጣሩ ሥራ እንዳትለቁ።

ሥራ ያገኘሁት በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው። እዚያ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ በእንግሊዝኛ ነው የሚያናግሩኝ። ነዋሪዎቹ ግን ዴንማርክኛ እንደምችል በሰሙ ጊዜ ፊታቸው በራ። በተለይ አንዲት የዘጠና ሦስት ዓመት እናት። በአይስላንድኛም ሆነ በዴንማርክኛ አንቱታ ዛሬ ብዙም ስለማይሠራበት «አንቺ» እያልኩ ነው የማናግራቸው። በአማርኛ ስጽፍ ግን እጄ እሺ አይለኝም።

እኚህ እናት በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ጉልፎስ በምትባለው መርከብ ተሳፍረው ኮፐንሃገን ወርደዋል። ያኔ ለብዙ አይስላንዳዊት ልጃገረድ ትልቁ ዓለም ዴንማርክ ነበር። እዚያ የቤት አያያዝ ትምህርት ቤት ገብተው ምግብ ማብሰል፣ መስፋት፣ ልጅ መያዝ ተምረው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ዓመት ያህል በየሳምንቱ የዴንማርክ መጽሔት ሲያነቡ ኖሩ። «ሄሜት» እና «ፋሚሊ ዩርናል» ይወዳሉ። የሹራቡ ንድፍ፣ የኬኩ አሠራር፣ ተከታታዩ ልብ ወለድ፣ ሁሉም በዴንማርክኛ ነበር የሚመጣው። ልጆቻቸውም ዶናልድ ዳክን ያነበቡት በዴንማርክኛ ነው። የአይስላንድኛው እትም የመጣው በ1980ዎቹ ነው። «ሥዕሉን አይተው ይገምታሉ፤ ከዚያ ቃሉን ይይዛሉ። ያለ መምህር ነው የለመዱት» አሉኝ።

ጠዋት ጠዋት ጸጉራቸውን ሳበጥር በዴንማርክኛ እንጫወታለን። የእሳቸው ዴንማርክኛ የዛሬው አይደለም። ኦርሁስ ውስጥ ከሽማግሌ አፍ እንኳ ያልሰማሁትን ቃል ይጠቀማሉ። ፊደሉን ሁሉ ይጠሩታል። ዴንማርኮች የሚውጡትን ድምፅ እሳቸው አይውጡትም። ለጆሮዬ እረፍት ነበር። መሐል ላይ «ኤልስካን» ይሉኛል። በአይስላንድኛ «ውዴ» ማለት ነው።

የተሳሳትኩትም እዚያው ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ጡረታ የወጡ መምህር በተቀመጡበት ጠረጴዛ፣ «እናንተ ያው ድሮ ዴንማርክ ነበራችሁ» አልኩ። በቅንነት ነው የተናገርኩት። ሰውዬው ሹካቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ በዴንማርክ ንጉሥ ሥር ነበርን። ዴንማርክ ግን አልነበርንም» አሉኝ። አልተቆጡም። ግን ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

አይስላንዶች ዛሬም የሚናገሩት በ9ኛው ክፍለ ዘመን ከኖርዌይ የመጡት ሰፋሪዎች ይዘውት የመጡትን ቋንቋ ነው። በርግጥ አነጋገሩ ተለውጧል። ያም ሆኖ የድሮውን ጽሑፍ ዛሬ ያለ ብዙ ችግር ያነቡታል። በ1262 ለኖርዌይ ንጉሥ ገበሩ። በ1380 ኖርዌይ ከነግዛቷ ከዴንማርክ ጋር በአንድ ዘውድ ሥር ስትገባ አይስላንድም አብራ ገባች። ሪፐብሊክ እስከሆነችበት እስከ 1944 ብትቆጥሩት ከ560 ዓመት በላይ ነው።

ያን ያህል ዘመን ከቆዩ ቋንቋቸው እንዴት ተረፈ? ኖርዌይም በዚያው ዘውድ ሥር ነበረች። የኖርዌይ የጽሑፍ ቋንቋ ግን ዴንማርክኛ ሆነ፤ ዛሬ ኖርዌይ ያላችሁ የምትማሩት ቡክሞል የተባለው የጽሑፍ ቋንቋ የወጣው ከዚያ ነው። በፋሮ ደሴቶችም የቤተ ክርስቲያኑ ቋንቋ ለረጅም ዘመን ዴንማርክኛ ነበር። አይስላንድን የለያት አንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። የባሕሩ ርቀትም አለ። እኔን የነካኝ ግን የመጽሐፍ ቅዱሱ ታሪክ ነው። የሉተር ተሐድሶ የመጣው ከኮፐንሃገን በንጉሥ ትእዛዝ ነው። የተቃወሙት የመጨረሻው የካቶሊክ ጳጳስ ዮን አራሶን በ1550 ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ተሰየፉ። ቃሉ ግን በአይስላንድኛ ነው የገባው። ኦዱር ጎትስካልክሶን የተረጎመው ሐዲስ ኪዳን በ1540 እዚያው ዴንማርክ፣ ሮስኪልዴ ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በጳጳስ ጉድብራንዱር ቶርላክሶን ጥረት በ1584 በሰሜን አይስላንድ፣ ሆላር ላይ ወጣ። ገበሬው እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚሰማው በገዛ ቋንቋው ሆነ። በረጅሙ የክረምት ማታም ቤተሰቡ ሱፍ እየፈተለ፣ አንዱ ጮክ ብሎ የጥንቱን ታሪክ ያነብለታል። ዴንማርክኛ ወደዚያ ቤት የሚገባበት በር አላገኘም።

የገባው በሱቅና በቢሮ በር ነው። ከ1602 እስከ 1787 ድረስ የአይስላንድን ንግድ የያዙት የዴንማርክ ንጉሥ የፈቀደላቸው ነጋዴዎች ብቻ ነበሩ። ዱቄቱ የሚመጣው፣ ዓሣውና ሱፉ የሚሄደው በእነሱ መርከብ ነው። ሬይክያቪክ በ1786 የከተማ መብት ስታገኝ ትንሽ መንደር ነበረች። ነጋዴውም ሹሙም ዴንማርክኛ ነው የሚናገር። በ1834 የተከፈተው ዳቦ ቤት እንኳ ጋጋሪው ከዴንማርክ የመጣ ነው። ዛሬም ዳቦ ቤት ገብታችሁ «ቪናርብሮይድ» የሚል ስታዩ፣ እኛ ዴንማርክ የምናውቀው ቪነብሮ የተባለው ጣፋጭ ዳቦ መሆኑን ወዲያው ትለያላችሁ። በዚያ ዘመን ከተሜ መምሰል የፈለገ ሰው ንግግሩ መሐል ዴንማርክኛ ጣል ያደርጋል። በሰሜን የአኩሬይሪ፣ በምዕራብ የስቲኪስሆልሙር ሰዎች «እሁድ እሁድ ዴንማርክኛ ይናገራሉ» ይባልላቸው ነበር። ስቲኪስሆልሙር «የዴንማርክ ቀናት» የሚባል በዓል አላት።

አይስላንድኛ ይተርፋል ብለው ያላመኑም ነበሩ። በ1771 የስካልሆልት ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረ አይስላንዳዊ፣ የራሳችንን ትተን ዴንማርክኛ እንያዝ የሚል ሐሳብ አቅርቧል። በ1813 ደግሞ ራስሙስ ራስክ የሚባል የቋንቋ ሊቅ መጣ። እሱ ዴንማርካዊ ነው። ሬይክያቪክ ውስጥ የሰማው አሳሰበው። በዚህ አያያዝ ከመቶ ዓመት በኋላ በከተማዋ አይስላንድኛ የሚገባው ሰው የሚገኝ አይመስለኝም ብሎ ጻፈ። ጽፎም ዝም አላለም። በ1816 የአይስላንድን የሥነ ጽሑፍ ማኅበር በማቋቋም ግንባር ቀደሙ እሱ ነው። አይስላንዳዊው ለዴንማርክኛ ሲከራከር፣ ዴንማርካዊው ለአይስላንድኛ ሲሟገት። ይህን ሳነብ ደግሜ አነበብኩት።

ለነጻነት የታገሉትም የተማሩት በዴንማርክኛ ነው። አይስላንድ ዩኒቨርሲቲ ያገኘችው በ1911 ነው። ከዚያ በፊት ከፍ ያለ ትምህርት የፈለገ በአብዛኛው ኮፐንሃገን ነው የሚሄድ። ገጣሚው ዮናስ ሃልግሪምሶንና ጓደኞቹ «ፍዮልኒር» የተባለውን መጽሔት በ1835 የጀመሩት እዚያው ኮፐንሃገን ተቀምጠው ነው። ንጹሕ አይስላንድኛ ለመጻፍ ነበር ትግላቸው። የዮናስ ልደት፣ ኖቬምበር 16፣ ዛሬ የአይስላንድኛ ቀን ሆኖ ይከበራል። የነጻነቱ መሪ ዮን ሲጉርድሶንም አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረው ኮፐንሃገን ነው። ቤቱ አሁን የአይስላንድ ፓርላማ ንብረት ነው። ኮፐንሃገን ያላችሁ ኦስተር ቮልጋዴ ሄዳችሁ እዩት። ደራሲው ጉናር ጉናርሶን ደግሞ ብዙ አንባቢ ለማግኘት በዴንማርክኛ ጻፈ፤ ስሙም ገነነ። በ1939 አገሩ ገብቶ፣ በኋላ የገዛ መጽሐፎቹን ራሱ ወደ አይስላንድኛ መለሳቸው።

ሬይክያቪክ ስትመጡ አውስቱርቮትሉር አደባባይ ቁሙ። የዮን ሲጉርድሶን ሐውልት ፊቱን ወደ ፓርላማው አዙሮ ቆሟል። ፓርላማው በ1881 ያለቀ የድንጋይ ቤት ነው። ቀና ብላችሁ አናቱን እዩ። የዴንማርኩ ንጉሥ የክርስቲያን 9ኛ ዘውድ እዚያው አለ። አላወረዱትም። በ1944 ሪፐብሊኩ ቲንግቬትሊር በሚባለው የጥንቱ ሸንጎ ሜዳ ላይ ሲታወጅ ዴንማርክ በጀርመን ጦር ተይዛ ነበር። አንዳንድ ዴንማርኮች ቅር ብሏቸዋል። ንጉሥ ክርስቲያን 10ኛ ግን የመልካም ምኞት ቴሌግራም ላኩ። በ1971 ደግሞ ዴንማርክ ኮፐንሃገን የነበሩትን የአይስላንድ የጥንት የብራና መጻሕፍት መመለስ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በዴንማርክ የባሕር ኃይል መርከብ ሲደርሱ እኚያ እናት ወደቡ ላይ ቆመው ነበር። «ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር፤ እኔም አለቀስኩ» አሉኝ። እኛም የብራና መጻሕፍት ከመቅደላ የተወሰዱብን ሰዎች ነንና፣ ማበጠሪያውን እንደያዝኩ ሆዴ ባባ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ወደ መምህሩ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። ከዚያ በጥሩ ዴንማርክኛ፣ ወጣት ሳሉ ኮፐንሃገን ስላሳለፉት ክረምት አጫወቱኝ። ቋንቋውን አይጠሉትም። እንዲያውም ይወዱታል። የማይወዱት ታሪካቸው ሲጠቀለል ነው። እናንተም እዚህ አገር «አይስላንድኛ ያው የዴንማርክኛ ዘመድ ነው» ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ስንመጣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ዴንማርክ ስላደገች ቋንቋው ከአማርኛ እኩል አፏ ላይ ነው። እስከ 1999 ድረስ አይስላንዳዊ ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው የውጭ ቋንቋ ዴንማርክኛ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሥርዓተ ትምህርት ቦታውን ለእንግሊዝኛ ሰጠው። ዴንማርክኛ ግን ግዴታ እንደሆነ ቀጥሏል። ብዙውን ጊዜ ከሰባተኛ ክፍል ይጀምራል።

ልጄ ደስ ብሏት ሄዳ አኩርፋ መጣች። አንብቢ ተብላ ስታነብ ልጆቹ ሳቁባት። እዚህ ዴንማርክኛን ጉሮሮ ውስጥ ድንች ይዞ እንደመናገር ነው ይሉታል። በመጽሐፍ የሚያውቁትና ከእሷ አፍ የወጣው አልገጠመላቸውም። መምህሯ ግን አስተዋይ ሴት ናት። በሳምንቱ ልጄን ሰሌዳው ጋ አውጥታ ቁጥር አስተምሪ አለቻት። ዴንማርክ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ሃምሳ «ሃልትረስ» ነው፤ ሥሩ ሁለት ተኩል ጊዜ ሃያ ማለት ነው። ሰባ «ሃልፊየርስ»፣ ሦስት ተኩል ጊዜ ሃያ። ዘጠና «ሃልፌምስ»፣ አራት ተኩል ጊዜ ሃያ። አይስላንድኛ ደግሞ አምስት አሥር፣ ሰባት አሥር እያለ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ልጆቹ የሚፈሩት ይህን ቁጥር ነበር። እሷ ስታፈታታው ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሰማት። ከዚያ ወዲህ የሳቀባት የለም።

ልጅ ይዛችሁ ለምትመጡ አንድ ነገር ልጨምር። ልጃችሁ ስዊድንኛ ወይም ኖርዌይኛ የሚችል ከሆነ በዴንማርክኛ ፈንታ ያንኑ እንዲቀጥል የሚደረግበት መንገድ አለ። ትምህርት ቤቱን በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ።

ወጣቶቹ «ለምን እንማረዋለን?» ይላሉ። ክርክሩ በየጊዜው ይነሣል። አልፈርድባቸውም። የዛሬ ልጅ ዴንማርክኛ የሚሰማበት ቦታ የለውም። ስልኩም ጨዋታውም በእንግሊዝኛ ነው። 400,000 የማይሞላው ይህ ሕዝብ ዛሬ ስለ ቋንቋው ሲሰጋ የሚሰጋው ከእንግሊዝኛ ነው። ትምህርቱ ቢቀር ግን እኔ ከልቤ አዝናለሁ። የዚህ አገር የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እስከ 1920 ድረስ ኮፐንሃገን ነበር። ስንት ደብዳቤ፣ ስንት መዝገብ በዴንማርክኛ ተጽፎ ተቀምጧል። እኚያ እናት መጽሔቶቻቸውን በካርቶን አስቀምጠዋል። ጠርዙ ላይ በእርሳስ ማስታወሻ ጽፈውበታል። የልጅ ልጆቻቸው ሲጠይቋቸው ያን ካርቶን ማንበብ የቻልኩት እኔ ነበርኩ። ከኢትዮጵያ የመጣሁት ሴት ለአይስላንዳውያን የአያታቸውን ካርቶን አነበብኩላቸው። ይህ ደስ አሰኘኝ፤ ደግሞም አሳዘነኝ።

በመሐል ያለው ትውልድ፣ ከአርባ አምስት እስከ ሰባ ያለው፣ ለእናንተ ትልቁ ሀብት ነው። ዴንማርክኛን በደንብ ተምሯል፤ ብዙዎቹም ዴንማርክ ተምረዋል ወይም ሠርተዋል። ግን መናገር ያፍራሉ። «ስካንዲናቪስካ» ነው የምንናገረው ይላሉ፤ ዴንማርክኛው በኖርዌይኛና በስዊድንኛ አነጋገር ለስልሶ ማለት ነው። ከእነሱ ጋር ስትነጋገሩ ዴንማርክኛችሁን አዝግሙት። የቃሉን ጫፍ አትዋጡ። ቁጥር ሲሆን ጻፉላቸው። እኔ ኦርሁስ ውስጥ እንደ አገሬው ለመናገር ስንት ዓመት የታገልኩለትን አነጋገር እዚህ መፍታት ነበረብኝ። መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ።

አይስላንድኛውን ግን መማር አለባችሁ። በዴንማርክኛ ብቻ እዚህ ኑሮ አይገፋም። ዴንማርክኛችሁ የሚያግዛችሁ በቃላት ነው። «ካርቶፍሉር» ድንች ነው፤ ዴንማርክኛው «ካርቶፍለር»። የዕቃ ማድረቂያው ጨርቅ «ቪስኩስቲኪ»፤ በዴንማርክኛ «ቪስከስቲከ»። መጋረጃ «ጋርዲና»። እነዚህ ሁሉ ከዴንማርክ የመጡ ናቸው። ግን ተጠንቀቁ። ለብዙዎቹ የቋንቋው ተቆርቋሪዎች የአገር ቤት ምትክ አውጥተዋል። ለመጋረጃ «ግሉጋትዮልድ» የሚል አለ፤ የመስኮት ድንኳን እንደማለት። እኚያ እናት የእግረኛ መንገድን «ፎርቶ» ይሉታል፤ ከዴንማርክኛው ነው። የሃያ ሦስት ዓመቷ ባልደረባዬ ቃሉን ሰምታውም አታውቅ። ለእሷ «ጋውንግስትየት» ነው።

አዲስ ነገር ሲመጣ ደግሞ የድሮ ቃል ያነሣሉ። ዴንማርክኛ «ተለፎን» ሲል እነሱ «ሲሚ» አሉ፤ በጥንቱ ቋንቋ ክር ወይም ገመድ ማለት ነው። የእኛም «ስልክ» ሽቦ ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነውና ይህችን ቃል በአንድ ቀን ያዝኳት። ኮምፒውተር «ቶልቫ» ነው። ቁጥር የሚለውንና የጥንት ነቢይት የሚለውን ቃል አዋህደው ነው የሠሩት።

ሰዋስዉ ላይ ዴንማርክኛ አያድናችሁም። ስም በአራት ዓይነት ይረባል፤ የሰው ስም ሳይቀር። መስሎ የሚያሳስት ቃልም አለ። አንድ ማታ አንዲት ነዋሪ ጀርባቸውን እያሳዩኝ «ቬርኩር» አሉኝ። ዴንማርክ «ቬርክ» የሥራ ውጤት ነው፤ «ሆንቬርክ» ደግሞ የእጅ ሥራ። ስለ ሹራብ ሥራቸው የሚያወሩ መስሎኝ ከጀርባቸው ትራስ አስተካክዬ ኪሮሻቸውን አቀበልኳቸው። ለካስ «ቬርኩር» ሕመም ነው። ጀርባቸውን አሟቸው ነበር። ባልደረባዬ እስክትመጣ ሩብ ሰዓት ያህል እያመማቸው ተቀመጡ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በእንክብካቤ ሥራ የምትሰማሩ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ የሕመም ቃላትን በአይስላንድኛ ያዙ። «ቬርኩር» ሕመም። «ኢልት» የሚያም። «ስቪሚ» ማዞር። በግምት አትሂዱ።

የረዱኝን ልንገራችሁ። «ኢስሌክስ» የሚባል በነጻ የሚገኝ የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት አለ። የአይስላንድኛውን ቃል ስትጽፉ ዴንማርክኛውን፣ ስዊድንኛውንና ኖርዌይኛውን ጎን ለጎን ያሳያችኋል። ከኖርዲክ አገር ለሚመጣ ሐበሻ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላየሁም። የአይስላንድ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው «አይስላንዲክ ኦንላይን» የተባለው ትምህርትም ነጻ ነው። ከመምጣታችሁ ሦስት ወር በፊት ጀምሩት። ሬይክያቪክ ውስጥ ደግሞ በ1968 የተከፈተው የኖርዲክ ቤት አለ። ቤተ መጻሕፍቱ ዴንማርክኛ መጽሐፍ ያውሳል፤ የልጆችም አለው። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ናት።

ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ግን ልውውጥ ነው። ያቺ የሃያ ሦስት ዓመቷ ባልደረባዬ ኮፐንሃገን ማስተርስ ልትማር ማመልከቻ አስገብታ ነበር። ትምህርት ቤት የተማረችው ዴንማርክኛ ጠፍቶባታል። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት እንቀመጥ ተባባልን። ግማሹን እኔ ዴንማርክኛ አለማምዳታለሁ፤ ግማሹን እሷ አይስላንድኛ። እንግሊዝኛ አይፈቀድም። መጀመሪያ ታፍር ነበር። እኔም በአይስላንድኛ ስሳሳት ስታይ ግን እፍረቷ ለቀቃት። ስምንት ወር እንዲህ ሠራን። አሁን የነዋሪዎቹን መዝገብ በአይስላንድኛ እጽፋለሁ።

ነሐሴ ላይ ሄደች። በሁለተኛው ሳምንት መልእክት ላከችልኝ። ሱቅ ገብታ ሻጩ «ሃልፊየርስ» ሲላት ሳትጠይቀው ሰባ ክሮነር ቆጥራ ሰጠችው። አሁን የቸገራት አንድ ድምፅ ነው፤ ምላስ ላይ የሚቀልጠው የዴንማርኮች «ድ»። ዛሬ ማታ ከልጄ ጋር ሆነን ድምፃችንን ቀድተን እንልክላታለን።